«በፈረንጅ ነው በእኛ?»፦ አንድ ሐሳብ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሚሆንበት መንገድ

ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ «ነገ 2 ሰዓት እንገናኝ» የተባባሉ ሰዎች ጠዋት መሆኑን ለመተማመን ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 08:00 የሚል ሲያዩ ግን «ይሄ በፈረንጅ ነው በእኛ?» ማለታቸው አይቀርም። ስልኩ፣ የክሊኒኩ የቀጠሮ ሶፍትዌር፣ የፋብሪካው የፈረቃ መዝገብ፣ ሁሉም ሰዓትን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ባለስልኩ በልቡ ስድስት ሲቀንስና ሲደምር ይኖራል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል።

እንበልና ሐዋሳ ያሉ ጥቂት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ይህን ለመለወጥ ተነሡ። ሐሳባቸው አጭር ነው፦ ከንጋት የሚጀምረው አቆጣጠር እንደ 12 ሰዓቱና እንደ 24 ሰዓቱ ሁሉ በማንኛውም ስልክ ቅንብር ውስጥ አንድ ምርጫ ሆኖ ይግባ። ለራሳቸው መተግበሪያ ቢሆን ኮዱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለዓለም ስልክ ሁሉ እንዲሆን ሲፈለግ ግን ሐዋሳን በካርታ ላይ ፈልገው የማያውቁ መሐንዲሶች «ይሁን» ማለት አለባቸው፤ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በጎ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በቴክኒክ ድክመት ሳይሆን ባለቤቶቻቸው «ስምምነት» የሚለውን ቃል በተሳሳተ መንገድ ተረድተውት ነው።

ስምምነት ድምፅ ቆጠራ አይደለም

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ለቃሉ የሚሰጠው ትርጉም ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው፣ በዋና ጉዳይ ላይ ጉዳዩ በሚመለከተው አስፈላጊ ወገን የሚቀርብ የጸና ተቃውሞ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የሁሉንም ወገን አስተያየት ለመስማትና የሚጋጩትን ለማስታረቅ የተሞከረበት ሂደት መኖሩ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ልብ መደገፍ እንደማይጠበቅበት ትርጉሙ ራሱ በማስታወሻ ይናገራል።

የኢንተርኔትን የግንኙነት ደንቦች የሚያወጣው የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል፣ በምሕጻረ ቃሉ አይኢቲኤፍ፣ ከዚህም ይርቃል። እዚያ የአባልነት መዝገብ የለም፤ የመጣ ሁሉ በግሉ ነው የሚሳተፈው፤ ስለዚህ የሚቆጠር ድምፅ ራሱ የለም። ከኢንተርኔት ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን አሠራር ሲገልጽ ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ መስጠትን እንደማይቀበሉ፣ የሚያምኑት በግርድፍ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ እንደሆነ ተናገረ። አዳራሽ ውስጥ ስሜቱን ለማወቅ ሰብሳቢው «ይህን የምትደግፉ አጉረምርሙ» ይላል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ዘግተው «እምምም» ይላሉ። እጅ ቢያወጡ ሰው ይቆጥራል፤ ሲያጉረመርሙ ግን ማን ምን እንዳለ አይለይም፤ የሚታወቀው የክፍሉ ዝንባሌ ብቻ ነው። ውሳኔው ደግሞ በአዳራሹ አያበቃም፤ ያልተገኙትም እንዲያዩት በጽሑፍ ይረጋገጣል።

አርኤፍሲ የሚባሉት አይኢቲኤፍ በቁጥር የሚያወጣቸው ሰነዶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 የዚህን አሠራር ምክንያት ያብራራል። ከዚያ ጽሑፍ አንድ ነጥብ ብቻ መያዝ ቢቻል ይህ ይሁን፦ መቶ ሰው ደግፎ አምስት ሰው ቢቃወም ስምምነት የለም ሊባል ይችላል፤ አምስት ሰው ደግፎ መቶ ቢቃወምም ስምምነት አለ ሊባል ይችላል። አምስቱ ያነሡት እንከን እውነተኛ ሆኖ መልስ ካላገኘ የመቶው ድጋፍ እንከኑን አይደፍነውም። በሌላ በኩል የመቶው ተቃውሞ አንድ ዓይነት ከሆነና ተመርምሮ በቂ መልስ ከተሰጠው ሥራው ይቀጥላል። የሚለካው የተቃዋሚ ብዛት ሳይሆን ያልተመለሰ ተቃውሞ መኖር አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ደጋፊ ቢያሰባስብ ብዙም አይጠቀም። ሥራው ተቃዋሚውን ፈልጎ ማግኘትና መልስ መስጠት ነው። ይህ ለሲዳማ አካባቢ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የሲዳማ ባህላዊ የሽምግልና ሥርዓት የሆነው አፊኒ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ነገሩ በጉባኤው ፊት ተሰምቶና ተመክሮበት እንጂ በእጅ ብዛት አይቋጭም።

ደጃፉን መለየት

ብዙ ሐሳብ የሚመለሰው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የተሳሳተ በር አንኳኩቶ ነው። የሰዓቱን ምሳሌ እንያዝ። ሰዓት በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ቦታ ይኖራል።

በመጀመሪያ የሚቀመጥና ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚላክ ነው። የዚያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአይኢቲኤፍ አርኤፍሲ 3339 ነው። እዚያ ሰዓቱ ለማሽን እንጂ ለሰው ዓይን ስላልሆነ «በእኛ አቆጣጠር ይቀመጥ» ብሎ መሄድ በሩ ላይ መመለስ ነው፤ መመለሱም ልክ ነው። ሁለተኛው ቦታ ለሰው የሚታይበት መልክ ነው። የየአገሩና የየቋንቋው የቀን፣ የሰዓት፣ የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ የሚከማችበት፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው የዩኒኮድ ማኅበር ፕሮጀክት ሲኤልዲአር ይባላል። አይሲዩ የተባለው የኮድ ስብስብ ይህንን መረጃ ይዞ በየስልኩና በየድረ ገጽ አሳሹ ውስጥ ይሠራል። ሦስተኛው ፕሮግራመሩ የሚጠራው ትእዛዝ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ለተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ይህን የሚወስነው ኤክማ ኢንተርናሽናል በተባለው የስታንዳርድ ድርጅት ሥር ያለው ቲሲ39 ኮሚቴ ነው።

ዛሬ በሲኤልዲአር መረጃ ውስጥ ያሉት የሰዓት ዑደቶች አራት ናቸው፦ ከ0 እስከ 11፣ ከ1 እስከ 12፣ ከ0 እስከ 23፣ ከ1 እስከ 24። ሁሉም የሚነሡት ከእኩለ ሌሊት ወይም ከእኩለ ቀን ነው። የሐዋሳዎቹ ሐሳብ አምስተኛ ዑደት መጨመር ነው ማለት ነው፤ ደጃፉም ሲኤልዲአር ነው፤ ቲሲ39 ቀጥሎ ይመጣል፤ አይኢቲኤፍ ጋ ጭራሽ መሄድ አያስፈልግም።

ቤቶቹ የሚናገሩትም በተለያየ አንደበት ነው። በአይኤስኦ የሚናገረው አገር ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚገባው ሰነድ በኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት በኩል ያልፋል። በቲሲ39 የኤክማ አባል ድርጅቶች ልዑካንና የተጋበዙ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ፤ አንድ ልዑክ ብቻውን የአንድን ሐሳብ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ማለፍ ሊያግድ ይችላል። ለዩኒኮድ ማንም ሰው የጽሑፍ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ይህን ሳያውቁ የሚጽፉ ሰዎች ለአይኢቲኤፍ «በአገራችን ስም» እያሉ ይጽፋሉ፤ እዚያ አገር የሚባል ተናጋሪ የለም። ለአይኤስኦ ደግሞ በግል ይጽፋሉ፤ እዚያ ደግሞ ግለሰብ የሚያስገባበት ሳጥን የለም።

መጀመሪያ ችግሩ፣ መፍትሔው ይቆይ

የመጀመሪያው ሰነድ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ መፍትሔም ባይኖርበት ይመረጣል። ማን ይቸገራል፣ መቼ፣ ምን ይበላሻል፣ ዛሬ ሰዎች እንዴት ይወጡታል፣ ያ መውጫ የት ላይ ይሰበራል? መፍትሔ የያዘ ወረቀት ሲመጣ አንባቢው ወዲያው ወደ መፍትሔው ጉድለት ይሮጣል፤ ችግሩ መኖሩን እንኳ ሳይቀበል ክርክሩ ይጀመራል። ቲሲ39 ይህን በደረጃ ቆልፎታል። አንደኛው ደረጃ ኮሚቴው ችግሩ ሊታይ የሚገባው መሆኑን የሚቀበልበት ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው የመፍትሔው ረቂቅ የሚመረጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረው 2.7 በመርህ ተቀባይነት አግኝቶ ፈተናው የሚጻፍበት ነው፤ በሦስተኛው አሳሾች ይሠሩታል፤ አራተኛው የሚደረሰው ፈተናውን ያለፉ ሁለት የሚጣጣሙ አተገባበሮች ሲኖሩ ነው።

በችግሩ ወረቀት ላይ በጣም የሚያሳምነው «የዛሬው መውጫ የት ይሰበራል» የሚለው ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ መስነፍ አያዋጣም። አንዳንድ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስልኩ ያለበትን የሰዓት ቀጣና ሳይቀይር ይህን ሲያደርግ ትክክለኛውን ጊዜ አያውቅም ማለት ነው፦ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ቁጥር አይገጥምም፤ የመልእክቶች ቅደም ተከተል ይዛባል። ሌላው ብልኃት ቀጣናውን ከግሪኒች 3 ሰዓት ወደ ኋላ ወዳለ ከተማ መቀየር ነው። ይህ የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ከቀኑ 11 ሰዓትን «ጥዋት 11» ይለዋል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባሉት ስድስት ሰዓታት ደግሞ ቀኑን ወደ ትናንት ይመልሰዋል። እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች «ባህላችን ይከበር» ከሚል አሥር ገጽ ይበልጣሉ። የሚያነበው መሐንዲስ ስለ ባህል መፍረድ አይችልም፤ ስለተሰበረ ሰዓት ግን ይፈርዳል።

ቀጥሎ ማስረጃ። የአውቶቡስ ትኬት፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፕሮግራም፣ የባንክ በር ላይ ያለ የሥራ ሰዓት ማስታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማስታወቂያ። ከአንድ ዓይነት ሁለት መቶ ፎቶ ከማከማቸት ከሃያ ዓይነት አንድ አንድ ይበልጣል። የድሮም የአሁንም ይኑርበት፤ ልማዱ እየጠፋ ነው የሚለውን ክርክር ቀድሞ ይዘጋል። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ይሸፈን። አማርኛ የማያነብ ሰው እንዲረዳው ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ትርጉሙና የ24 ሰዓት አቻው ይጻፍ፦ 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 12:00 ከቀኑ 6 ሰዓት፣ 19:00 ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ 00:00 ከሌሊቱ 6 ሰዓት።

ቤት ውስጥ ያልተፈታ ጠብ ውጭ ይፈነዳል

ሐሳቡ ከሐዋሳ ከመውጣቱ በፊት እዚሁ መጣላት ያለባቸው ሰዎች መጣላት አለባቸው። ሰዓቱን ቀላል ነገር ያደረገው ሰው እስኪ እነዚህን ይመልስ። ማታ የሚያበቃው ስንት ሰዓት ላይ ነው? 3 ሰዓት «ከምሽቱ» ነው፤ 6 ሰዓት «ከሌሊቱ» ነው፤ 4 እና 5ስ? 11 ሰዓት ተኩል «ከሌሊቱ» ነው ወይስ «ከንጋቱ»? ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ማክሰኞ ማታ ተኝቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የነቃ ሰው በየትኛው ቀን ነው ያለው? ፈረንጁ ረቡዕ ነው ይላል። አማርኛ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብሎ ሁለቱንም ይጠራቸዋል። ለሰው ግልጽ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚገባው።

ሌላም አለ። ሐዋሳ ውስጥ በዚህ አቆጣጠር የሚጠቀመው አማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ ተናጋሪውም ያው ነው። ምርጫው ከአማርኛ ጋር ብቻ ከታሰረ ስልኩን በሲዳምኛ ያደረገው ይቀርበታል። ከኢትዮጵያ ጋር ከታሰረ ውጭ አገር የሚኖረው ይቀርበታል፤ እዚህ ያለው የውጭ ዜጋም ሳይጠይቅ ይመጣበታል። ሲኤልዲአር የሰዓት ዑደት ምርጫን በዋናነት በአገር ነው የሚያደራጀው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከዚያ ቅርጽ ጋር እንዴት ይገጥማል የሚለው ቀድሞ መታሰብ አለበት።

በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ትልቁ አደጋ ይሉኝታ ነው። መምህሩ ወይም ሽማግሌው ቀድመው ከተናገሩ ወጣቱ «እሺ» ብሎ ይወጣና ደጅ ላይ «ኧረ ይሄ አይሆንም» ይላል። ስለዚህ ከታናሽ ይጀመር፤ ከዚያ በፊትም እያንዳንዱ ሰው የሚያሰጋውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ያስገባ። ጥያቄውም ይለወጥ። «ትስማማለህ?» ሲባል ጨዋ ሰው «አዎ» ይላል። «ይህ ቢጸድቅ ሥራህ የሚቆምበት ነገር አለ?» ሲባል ግን ያስባል። ባይወደው እንኳ አብሮት መኖር የሚችልን ሰው ጭራሽ ሊቀበለው ከማይችል ሰው የሚለየው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ የስምምነት ጉዳይ ደግሞ የሚያተኩረው በመጨረሻው ሰው ላይ ነው።

የተቃውሞ መዝገብ

ተራ የሠንጠረዥ ፋይል ይበቃል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተቃውሞው በተቃዋሚው አገላለጽ፣ ከጀርባው ያለው ስጋት፣ የተሰጠው መልስ፣ በሰነዱ ላይ የተለወጠው ነገር፣ ያለበት ሁኔታ ይጻፋል። «በተቃዋሚው አገላለጽ» የሚለው በዋዛ አይታይም። ተቃዋሚው መስመሩን አንብቦ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ካላለ መልሱ ለሌላ ጥያቄ ነው የተሰጠው።

በሰዓቱ ጉዳይ ከሚጠበቁት ውስጥ «ለአንድ አገር ብቻ የሚሆን ነገር ነው» የሚለው ቀላሉ ነው። ስዋሂሊም ከንጋት ይቆጥራል፤ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ «ጠዋት 1 ሰዓት» ማለት 07:00 ነው። ከናይሮቢ ወይም ከዳሬሰላም አንድ ባለሙያ በጋራ አቅራቢነት መግባቱ ከማንኛውም መከራከሪያ ይሻላል፤ ያ ሰው ግን ለፊርማ ብቻ የተጠራ መሆን የለበትም፤ የስዋሂሊን የቀን ክፍፍል ስሞች ይዞ ካልመጣ ሰነዱ ላይ ያስታውቃል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «አንድ ቁጥር ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ የመድኃኒት ሰዓትና የበረራ ሰዓት ላይ አደጋ ያመጣል።» ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው። «ሰዉ ለምዶታል» ብሎ ማለፍ ሐሳቡን እዚያው ይቀብረዋል። የሚያዋጣው ንድፉን መለወጥ ነው፦ አዲሱ ዑደት ቁጥርን ብቻውን አያሳይም፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ አብሮ ይወጣል፤ ተጠቃሚው ራሱ ካልመረጠው አይበራም፤ የሚቀመጠውና የሚላከው ጊዜ አይነካም። በዚህ ተቃዋሚው ሐሳቡን ያሻሻለ ሰው ሆነ፤ በመዝገቡ ላይም ለውጡ ከእርሱ ጥያቄ የመጣ መሆኑ ይጻፋል። ሰው የራሱ አሻራ ያለበትን ሰነድ ደግሞ በቀላሉ አይጥልም።

ቀኑ የሚለወጥበት ጥያቄስ? እዚህ ላይ ጥሩው መልስ መቁረጥ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ቀኑ እንደ ቀድሞው በእኩለ ሌሊት ይለወጥ፤ «የአጥቢያ» ጉዳይ ለብቻው ተከፍቶ ይቆይ። ሁሉን በአንድ ሰነድ ልፍታ ያለ ሁሉንም ያጣል። የግዕዝ ፊደል ራሱ ወደ ዩኒኮድ የገባው በአንድ ቀን አይደለም። ዋናው ገበታ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በ6.0 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ 32 ፊደላት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 በ14.0 ለጉራጌ አዲስ አጻጻፍ 28 ፊደላት ተከተሉ። ዛሬ በድምሩ 523 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች «ሁሉም ካልገባ አንገባም» ቢሉ ኖሮ ብዙ ዓመት የአንዱን ፎንት ጽሑፍ ሌላው ፎንት እንደ ቁራ ጭረት የሚያሳይበት ዘመን ይረዝም ነበር።

መመለስና መቀበል አንድ አይደሉም። አንድ ሰው «ሰዓቱ በግዕዝ ቁጥር፣ በ፩ በ፪ ይታይ» ብሎ ቢጸና መልሱ አጭር ነው፦ የግዕዝ ቁጥር በሥርዓቱ ውስጥ ቀድሞም ለብቻው የሚመረጥ ነገር ስለሆነ ከዚህ ሐሳብ ጋር መታሰር አያስፈልገውም። ሰውየው ባይደሰትም ተቃውሞው ታይቷል፤ ተመዝኗል፤ ምክንያቱ ተጽፏል። ግርድፍ ስምምነት የሚባለው ይህ ነው።

ለምን እንዲህ ይፈራሉ?

ከውጭ ለሚያይ ሰው የእነዚህ ኮሚቴዎች ጥንቃቄ ግትርነት ይመስላል። ምክንያቱ የገባ ነገር አለመውጣቱ ነው። ዩኒኮድ አንዴ የመዘገበውን ፊደል አያነሣም፤ ስሙንም አይቀይርም። ከላይ ወደ ታች ለሚጻፍ ጽሑፍ የሚያገለግል አንድ የቅንፍ ምልክት በመጠሪያው ውስጥ «ቅንፍ» ለማለት የገባው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ሆሄያቱ ተቀያይረው ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬም እንደተሳሳተ አለ፤ የተደረገለት ነገር ቢኖር ትክክለኛውን ስም እንደ ቅጽል ስም ከጎኑ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ቶሎ አስገቡልን» የሚል ሰው የሚያገኘው ጥርጣሬ ነው።

የጊዜ መጠኑን ለማየት ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ለእኛ ቅርብ ነው። በጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት አያያዝን የሚተካው ቴምፖራል የተባለ ሐሳብ በማርች 2021 ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ከተላከው ጊዜ ጫፍ ላይ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሰዓት ቀጣናውንና የቀን መቁጠሪያውን ስም መጨመር ነበር፤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም በዚህ መንገድ ሊጠቀስ ይችላል። ይህ የጽሑፍ ቅርጽ የአይኢቲኤፍ ድርሻ ስለሆነ ሐሳቡ ወደዚያ ተላከ፤ የሥራ ቡድን ተቋቋመ፤ አርኤፍሲ 9557 ሆኖ የወጣው በኤፕሪል 2024 ነው። ለአንድ ቅንፍ ሦስት ዓመት። ካከራከሩት ነገሮች አንዱ በቁጥር የተጻፈው የሰዓት ልዩነትና በስም የተጻፈው ቀጣና ባይስማሙ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ችላ ይበል» ሌላው «እምቢ ይበል» የሚልበት ጥያቄ ነው። የተገኘው መውጫ ብልህ ነው፦ ተጨማሪው መረጃ በልማድ ችላ ሊባል ይችላል፤ ላኪው ግን ከፊቱ ቃለ አጋኖ ካደረገበት ተቀባዩ የማይረዳውን ወይም የማይስማማውን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አንዱ ወገን ብቻ አላሸነፈም፤ ምርጫው ወደ ላኪው እጅ ተዛወረ። ሁለት ወገን ተፋጥጦ ሲቆም ውሳኔውን ወደሚያውቀው ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆን መፈተሽ ከዚህ የሚቀዳ ዘዴ ነው።

ከስብሰባው በፊትና በስብሰባው ላይ

ስብሰባ ላይ ማንም ሰው ሐሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የለበትም። ኮዱን የሚጠግኑት ሰዎች፣ ማለትም የአይሲዩና የአሳሾቹ መሐንዲሶች፣ ቀድመው አንድ በአንድ ይጠየቁ። መልእክቱ ከአምስትና ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ መጨረሻውም «ምን ያስቸግራችኋል?» ይሁን እንጂ «ትደግፉናላችሁ?» አይሁን። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ከባህልም ከቋንቋም የራቀ ነው፦ የፋይሉ መጠን ስንት ይጨምራል፣ ፈተናውን ማን ይጽፋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስህተት ሲገኝ ማንን እንጥራ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ሐሳብ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይራመድም።

የሚሠራ ናሙና ይዞ መገኘት ክርክሩን ያሳጥረዋል። ናሙናው ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ድንበሮቹን ያሳይ፦ 05:59 እና 06:00፣ 17:59 እና 18:00፣ 23:59 እና 00:00። 06:00 «12 ሰዓት» ነው እንጂ «0 ሰዓት» አይደለም፤ ብዙ ናሙና የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ቀንሶ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ዜሮ ይሆናልና ዜሮን ወደ 12 የሚቀይር መስመር ይፈልጋል። የተጻፈውን ሰዓት መልሶ ማንበብም ይፈተን፤ ማሳየት ብቻ የሚችል ነገር ግማሽ ነው።

በሰዎች ብዛት መግፋት እዚህ አገር የለመድነው ነው፤ እነዚህ ቤቶች ውስጥ ግን ይጎዳል። በአንድ ቀን ሃምሳ ሰው «እደግፋለሁ» ብሎ ሲጽፍ ሰብሳቢው የሚያየው ሃምሳ ሰው ሳይሆን አንድ ቀስቃሽ ነው። አርኤፍሲ 7282 ይህንኑ በግልጽ ያነሣዋል። ከሃምሳው ይልቅ «ክሊኒክ ውስጥ ይህን ፈትሼው ይህ ተበላሸብኝ» የሚል አንድ ሰው ይበልጣል፤ ተቃውሞ ቢሆን እንኳ ሐሳቡ በሥራ ላይ መሞከሩን ያሳያል።

የሰዓት ልዩነት ራሱ ተንኮለኛ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ጠዋት 10:00 የሚጀመር ስብሰባ ሐዋሳ ላይ በበጋቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ እነርሱ ሰዓታቸውን ይለዋውጣሉ፤ እኛ አንለዋውጥም። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ሐሳቡን የሚያቀርብ ሁለተኛ ሰው በሌላ ከተማ ይኑር፤ ስላይዱም ቀድሞ ይላክ። ከስብሰባ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ የተባለው፣ ያልተፈታውና ማን ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ይሰራጭ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈ ሰው ቀጣዩን ስብሰባ ግማሹን መርቷል።

አይኢቲኤፍ ውስጥ ረቂቅ ሰነድ ካልታደሰ በስድስት ወር ጊዜው ያልፍበታል፤ ይህ ቅጣት ሳይሆን ማጣሪያ ነው። የባለቤትነት መብት ወይም ፓተንት ካለ በጊዜው ይነገር፤ ዘግይቶ የሚወጣ ፓተንት የዓመታትን እምነት በአንድ ቀን ያፈርሳል።

ከጸደቀስ?

እንበልና አምስተኛው ዑደት ተቀባይነት አገኘ። ሲኤልዲአር በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ነው የሚታተመው፤ አይሲዩ ይከተለዋል፤ ከዚያ የስልክ አምራቾችና አሳሾች በየራሳቸው ጊዜ ይወስዱታል። ማሻሻያ የማይደርሳቸው ስልኮች መቼም አያዩትም፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ነው። ስለዚህ የመናኸሪያውና የክሊኒኩ ሶፍትዌር ለጥቂት ዓመታት ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን ማሳየቱን መቀጠል አለበት፤ ይህም ዕቅዱ ላይ ከመጀመሪያው ቢጻፍ የአደጋ ስጋት ያነሣውን ተቃዋሚ ይበልጥ ያረጋጋዋል።

ከዚያ የቃላቱ ተራ ይመጣል። ለየቋንቋው «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ስሞች የሚሞሉት በሲኤልዲአር የመረጃ መሰብሰቢያ ላይ ነው። እዚያ ድምፅ ይሰጣል፤ የግለሰብ እንግዳ ድምፅ ግን ከተመደበ የድርጅት መራጭ ድምፅ ያነሰ ክብደት አለው። መሰብሰቢያው የሚከፈተው ለተወሰኑ ሳምንታት ስለሆነ የአማርኛው፣ የሲዳምኛው፣ የወላይትኛውና የኦሮምኛው ሰዎች ዝርዝራቸውን ቀድመው ተስማምተውበት ቢገቡ ነው የሚሻለው። ያኔ 4 ሰዓት ማታ ነው ወይስ ሌሊት የሚለው ክርክር መልስ ሊኖረው ይገባል። ሳጥኑ ባዶ የቀረበት ቋንቋ ከላይ ካለው የጋራ ነባሪ ይወርሳል፤ በሲዳምኛ የተቀናበረው ስልክም ሰዓቱን በትክክል ቆጥሮ ስሙን በባዕድ ቃል ይጽፈዋል።